ብር በስንት ይመነዘር?

ስሙኝማ። አያቴ ብር ከመቀበሏ በፊት ታዳምጠው ነበር። ጠገራውን በጣቷ ጫፍ ላይ አሳርፋ በሌላ ጠገራ ዳሩን ቸብ ታደርገውና ወደ ጆሮዋ ታስጠጋዋለች። ድምፁ ጠርቶ ከቆየ ራሷን ትነቀንቃለች። ፈጥኖ ከጠፋባት ግን ሰውየው የቱንም ያህል የታወቀ ይሁን፣ «አያ፣ ይህን ያዝና ሌላ ስጠኝ» ትለዋለች። ጆሮዋ ካሳለፈው በኋላ ተራው የዓይኗ ነው። በብሩ ላይ ያለችውን ሴትዮ የራስ ጌጥ በአውራ ጣቷ ጥፍር እየነካካች ዕንቁዎቹን ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ትከሻዋ ላይ ያለውን ጌጥ ታያለች፤ በዙሪያው ያሉት ነጥቦች ሳይፈዙ መቆጠር አለባቸው። ከዚያ ትገለብጠዋለች፤ ሁለት ራስ ያለው ንስር ክንፉን ዘርግቷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ገዥው ቆሞ ይጠብቃል። አይቆጣም፤ እርሱም ተራው ሲደርስ እንዲሁ ያደርጋልና።

ይህን ያየሁት በልጅነቴ መካነ ሰላም ገበያ ላይ ነው። አገሩን ለማያውቅ ሰው ልንገረው። ከደሴ ተነስቶ ወደ ደቡብ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ፣ ደጋው ወደ ዓባይ ገደል ከመውረዱ በፊት የምትገኝ ከተማ ናት፤ ያን ጊዜ በወሎ የቦረና አውራጃ ከተማ ነበረች። ከገደሉ ማዶ ጎጃም ነው። በወዲህ በኩል ሳይንት፣ ወግዲ፣ ከላላ፣ ለጋምቦ አሉ። ገብሱ፣ ቅቤው፣ የበግ ጠጉሩ፣ በጉና ፍየሉ ከዚህ ሁሉ አቅጣጫ ይመጣል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎን ለጎን ተቀምጦ ይሸጣል፣ ይገዛል። አያቴ የምትሸጠው ገብስና ቅቤ ነበር።

ልነግራችሁ የተነሳሁት ግን የአያቴን ገበያ ብቻ አይደለም። መንግሥት ብርን በመቶ ልመንዝር ብሎ ያሰበበትን፣ አስቦ የተመለሰበትን፣ ተመልሶም ደግሞ የገፋበትን የ50 ዓመት ጊዜ ነው። አያቴ ያን ዘመን ከሞላ ጎደል በዕድሜዋ አልፋበታለች። ቤሳ ይዛለች፣ መቶኛ አይታለች፣ ሊሬ ተሰጥቷታል፣ ሽልንግ ቆጥራለች፣ በመጨረሻም ሳንቲም ላይ ደርሳለች። የአገሪቱን የገንዘብ ታሪክ ለመስማት እኔ ከእርሷ ጭን ርቄ አልሄድኩም። መጽሐፍ የገለጥሁት በኋላ ነው።

መጀመሪያ ጠገራው። በላዩ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ናት፤ የእኛ ሰው ማርትሬዛ ይላታል። የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ብሯ ግን ከእርሷ ጋር አልሞተም፤ ያንኑ መልክ፣ ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ሲመታ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ገደማ ነው፤ ከስድስት እጅ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ወቄት የምንለው ሚዛን ራሱ የዚህ ብር ክብደት ነበር፤ ወርቅ የሚመዝን አንጥረኛም ሽቱ የሚሸጥ ነጋዴም ጠገራውን በሚዛኑ ጣፋ ላይ ያስቀምጣል። ዳሩ ላይ የተቀረጸ ጽሑፍ ስላለው የሚሸርፈው ሰው ወዲያው ይታወቅበታል። መልኩ አልተለወጠም፣ ክብደቱም አልጎደለም። ገበሬ የሚያምነውም ይህንኑ ነው።

ወሎ ጠገራን በደንብ የሚያውቅበት ሌላ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1867 እንግሊዝ ዐፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ ጦር ሲልክ፣ የጦሩ አዛዦች በዚህ አገር የእንግሊዝ ገንዘብ በቅሎም ገብስም እንደማይገዛላቸው ተረዱ። ስለዚህ ቪየና ካለው ብር ማተሚያ 500,000 ጠገራ በትእዛዝ አስመቱ። ያ ብር በሣጥን ተጭኖ ከቀይ ባሕር ዳር ተነስቶ ደጋውን ወጣ፤ ለድርቆሽ፣ ለእህል፣ ለከብት እየተከፈለ የበሽሎን ወንዝ ተሻገረ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የቴዎድሮስ አምባ መቅደላ ሲወድቅ ከመድፉ ጋር አብሮ የደረሰው ይህ ብር ነበር። አስቡት፤ በዓለም ላይ ታላቅ የሚባለው መንግሥት ለወሎና ለትግሬ ገበሬ ሲል የሌላ አገር የሞተች ንግሥት ብር አስመታ። ገበሬው የሚቀበለውን ገንዘብ ራሱ መረጠ፤ ንጉሥም ሆነ ጄኔራል ያን ምርጫ ማክበር ነበረበት።

የጠገራ ጉድለቱ አንድ ነው፤ ትልቅ ነው። በአንድ ጠገራ ብዙ እህል ይገዛል። ግማሽ ቁና ገብስ የምትፈልግ ሴት ጠገራ ብታወጣ መልሱ ከየት ይመጣል? ብሩን ቆርጦ መስጠት አይቻልም። ከብር በታች ያለውን ቦታ ለረጅም ዘመን የሞላው አሞሌ ጨው ነው። ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ደጋ ይወጣል፤ ከማውጫው በራቀ ቁጥር ዋጋው ከፍ ይላል። ክረምት ሲገባ ይረጥባል፣ ይሟሟል፣ ሲወድቅ ይሰበራል። በየስፍራው ጥይትም ገንዘብ ሆኖ ያውቃል። አያቴ እናቷ አሞሌውን ከምድጃው በላይ በጭስ ታኖረው እንደነበር ነግራኛለች። ገንዘብ እንዳይሟሟ እሳት የሚነድለት ቤት!

አሁን ወደ ዋናው ነገር ገባሁ፤ በደንብ አዳምጡኝ። ነጠላ ካላችሁ አውርዱና እጠፉ። አንድ ጊዜ እጠፉት፤ ግማሹ አላድ ነው። ሁለተኛ እጠፉት፤ ሩብ ነው። ሦስተኛ እጠፉት፤ ስምንተኛው እጅ ተሙን ይባላል። አራተኛ እጠፉት፤ 16ኛው እጅ ግርሽ ነው፤ መሐለቅም ይሉታል። አምስተኛ እጠፉት፤ 32ኛው ቤሳ ነው። ዛሬ ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው «ቤሳ ቤስቲን የለኝም» ሲል የሚጠራት ያችን አምስተኛዋን እጥፋት ነው።

አያቴ ይህን ስታስተምረኝ ወረቀት አልያዘችም፤ ነጠላዋን ነበር የያዘችው። እጥፋቱን በጣቶቿ መሃል እየያዘች «አላድ… ሩብ… ተሙን…» ትላለች። ቁናውንም እንዲሁ ትከፍላለች፤ ለሁለት፣ ለሁለቱ ደግሞ ለሁለት። ዳቦም ሲቆረስ፣ በግም ሲታረድና ቅርጫ ሲመደብ እጅ የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንድን ነገር ለሁለት ሲከፍሉ ማን በዛ ማን አነሰ የሚለው በዓይን ይታያል። ለአምስት ወይም ለአሥር ለመክፈል ግን መለኪያ ወይም ጽሑፍ ያስፈልጋል። ነጠላችሁን ለአምስት እኩል እጠፉት እስቲ! አይሆንላችሁም።

እንግዲህ ዐፄ ምኒልክ በየካቲት 1885 ዓ.ም. የራሳችንን ብር እናወጣለን ብለው ሲወስኑ ሁለት ዓይነት ቁጥር ፊታቸው ቆሞ ነበር። አንዱ የእጥፋት ቁጥር ነው፤ የገበያው። ሌላው የአሥርና የመቶ ቁጥር ነው፤ የመዝገቡ። ብሩ በፓሪስ ተመታ፤ በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው የይሁዳ አንበሳ፣ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር ፲፰፻፹፯። ክብደቱን ከጠገራ ጋር እኩል አደረጉት፤ ይህ ትልቅ ብልሃት ነበር። አላዱም ሩቡም ተሙኑም አብረው መጡ፤ ገበያው የሚያውቃቸው ናቸው።

ከዚያ ግን 1889 የሚል ዓመት የያዙ ሌሎች ተከተሉ። ግርሹ የብር 20ኛ ሆኖ መጣ። ከመዳብ የተሠራችው ደግሞ የብር መቶኛ ነበረች። ይህ እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር ብር በመቶ እንዲመነዘር የታሰበበት የመጀመሪያው ጊዜ ነው፤ ዛሬ ጥቂት ሰው ነው የሚያስታውሰው።

ችግሩን አያችሁት? ተሙን የብር ስምንተኛ ነው። ብሩ 20 ግርሽ ከሆነ ተሙን ሁለት ግርሽ ተኩል ሊሆን ነው። ብሩ መቶ ከሆነ ተሙን 12 ተኩል ሊሆን ነው። የተኩል ሳንቲም ደግሞ የለም። መቶ ሁለት ጊዜ በደህና ይታጠፋል፤ 50 ይሆናል፣ 25 ይሆናል። በሦስተኛው እጥፋት ላይ ይሰበራል። የሚሰበረው ደግሞ ተሙን ላይ ነው፤ ድሃው በየገበያው ቀን በሚገበያይበት ቦታ ላይ። አንድ መንግሥት አንድ ጊዜ ሁለቱንም ቁጥር ይዞ ገበያ ወጣ፤ ሁለቱ አልተስማሙም።

ምኒልክም ወደ ገበያው ቁጥር ተመለሱ። ወደ 1895 ዓ.ም. ግድም ብር 16 ግርሽ፣ ግርሽም ሁለት ቤሳ ሆኖ ይቆጠር ጀመር። ሰዎች ይህን እንደ ኋላ ቀርነት ሲጽፉት አያለሁ፤ አልስማማም። ያ መመለስ መንግሥት ሕዝቡን የሰማበት ነው። እንዲያም ሆኖ ገጠሩ የምኒልክን ብር እንደ ማርትሬዛ እኩል አድርጎ ለመቀበል ጊዜ ወሰደበት። ያ አንበሳ እኮ የራሱ አንበሳ ነው! ግን አያቴ እንዳለችው «አንበሳውን እናከብረዋለን፣ ሴትዮዋን ግን እናውቃታለን።»

መቶን የሚወደው ማን ነው? ጸሐፊው ነው። ቀረጥ የሚሰበስበው፣ ባንክ የሚያሠራው፣ ከውጭ አገር ጋር ሒሳብ የሚያወራርደው። በአሥር የሚቆጠር ገንዘብ በወረቀት ላይ ሲደመርና ሲባዛ ነጥብ ከማዛወር በቀር ድካም የለውም። ሩሲያ እ.ኤ.አ. በ1704 ሩብሏን በመቶ ኮፔክ ከፈለች። አሜሪካ በ1792፣ ፈረንሳይ በ1795 ተከተሉ። ከዚያ በኋላ የተነሳ መንግሥት ሁሉ ዘመናዊ ነኝ ለማለት መቶን መያዝ ጀመረ። ጸሐፊውን አልነቅፈውም፤ ግብር በትክክል ካልተጻፈ ገበሬ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ነገር ግን ጸሐፊውና አያቴ የሚፈልጉት አንድ አልነበረም፤ በመካከላቸው የሚያስታርቅ ሳንቲም ገና አልተፈጠረም ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ነው። በ1898 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአቢሲኒያ ባንክ የውጭ ሰዎች ይዞታ ያለበት ነበር፤ መንግሥት ገዛውና በ1923 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ባንክ ተተካ። በዚያው ዓመት ቁጥር የተመቱ አዳዲስ ሳንቲሞች ወጡ፤ ከመዳብ አንድና አምስት፣ ከኒኬል 10፣ 25 እና 50። ስማቸው መቶኛ ነው። ስሙን ልብ በሉልኝ። ከአረብ ወይም ከቱርክ የተወሰደ አይደለም፤ አማርኛ የሚሰማ ሁሉ ምን እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። እኔ ከገንዘባችን ስሞች ሁሉ ይህን እወደዋለሁ፤ ባይጠፋ እመኝ ነበር።

ግን እንቁጠረው። ብር 16 ግርሽ ከነበረና አሁን መቶ መቶኛ ከሆነ፣ ግርሽ ስድስት መቶኛ ከሩብ ነው። ቤሳ ደግሞ ሦስት መቶኛና የስምንተኛ እጅ። አንዲት ሴት ዕቃዋን በአንድ ቤሳ ትሸጥ ነበር እንበል። በአዲሱ ገንዘብ ስንት ትበል? ሦስት ብትል ትጎዳለች፤ አራት ብትል ገዥዋ ይጎዳል። ይህ የእኛ ብቻ አይደለም፤ ህንድም ሩፒዋን በ16 አና ትቆጥር ነበርና እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1957 ወደ መቶ ናያ ፓይሳ ስትዞር ያችኑ ስድስት ከሩብ ገጠማት፤ አንድ አና ከሰጠህ ስድስት ፓይሳ ትቀበላለህ፣ ሩቧ ትቀራለች። የሚቀረው ሩብ በአንድ ሰው እጅ ትንሽ ነው። በገበያ ሙሉ ሕዝብ ተባዝቶ ሲታይ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ብዙ ገንዘብ ነው፤ የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ በጥቃቅን ከሚገዛው ወደ በብዛት ወደሚሸጠው ነው። ገንዘብ የሚለውጥ መንግሥት ሁሉ ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳው የሚገባው ይህ ነው።

መቶኛ ወደ ገጠሩ በደንብ ሳይዘልቅ ጣሊያን መጣ። ደሴ በቦምብ ተደበደበች። ከ1928 ዓ.ም. በኋላ ሊሬ ገንዘብ ነው ተባለ። ሰው ወረቀቱን አልፈልግም አለ። አያቴ ስለ ሊሬ ስታወራ ድምፅዋ ይለወጥ ነበር፤ «ወረቀት ይሰጡናል፣ እህል ይወስዳሉ።» ጣሊያኖችም ይህን አውቀውታል። ከወረራው በፊት ከኦስትሪያ የማርትሬዛን ቅርጽ ወስደው ሮም ውስጥ ጠገራ ማስመታት ጀምረው ነበር። እንግሊዝ ለመቅደላ ያደረገውን ጣሊያን ደገመው። ሁለት ወራሪ ጦር መጣ፣ ሁለቱም በአንዲት ሴት ብር እህል ገዛ።

ነፃነት ሲመለስ እንግሊዞች የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይዘው ገቡ፤ በ1934 ዓ.ም. ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ። ሽልንግ ራሱ በመቶ ሳንቲም የሚመነዘር ነበር። እንግዲህ ገበያው ላይ አንድ ላይ ጠገራ አለ፣ የምኒልክ ብር አለ፣ ሽልንግ አለ፣ የተረፈ ሊሬ አለ። አያቴ እያንዳንዱን ለየብቻ በጨርቅ ቋጥራ ትይዝ ነበር፤ መቀነቷ አራት ቋጠሮ ነበረው።

ሦስተኛው ሙከራ የተሳካው ነው። ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ልደት ቀን፣ አዲሱ ብር ሕጋዊ ገንዘብ ሆነ፤ በውጭ ቋንቋ የኢትዮጵያ ዶላር ይባል እንጂ በእኛ አፍ ያው ብር ነው። አንድ ብር ሁለት ሽልንግ፣ አንድ ብር መቶ ሳንቲም። ብሩ አሁን ወረቀት ነው፤ ይህ ለአያቴ ዓይነት ሰው ከባድ ነገር ነበር። የማይደወል ብር! ነገር ግን በዚህ ጊዜ ያሰቡበት ሰዎች አንድ ነገር ተረድተው ነበር። 50 ሳንቲሙን ከእውነተኛ ብር አስመቱት። ሳንቲሞቹ የተመቱት አሜሪካ ፊላዴልፊያ ነው፤ ብሩንም አሜሪካ በጦርነቱ ጊዜ በሰጠችው የብድር ውል ሰጠች፤ ከ5 ሚሊዮን አውንስ በላይ። ዓመቱ 1936 ይላል፣ አንበሳው በአንድ በኩል፣ ንጉሠ ነገሥቱ በሌላው።

ገባችሁ? ለመንግሥት መቶውን ሰጡት፤ መዝገቡ ተስተካከለ። ለገበያ ደግሞ አላዱን በብር፣ ሩቡን በመዳብ ሰጡት። አያቴ 50 ሳንቲሙን በጣቷ ላይ አስቀምጣ ቸብ አደረገችው፤ ደወለላት። ወረቀቱንም የተቀበለችው በዚያ ደወል ምክንያት ነው፤ ሁለት የሚደወል አላድ ሆኖ ይመለስልኛል ብላ። አጥብቃ የያዘችው ስም ግን የቀድሞውን ነው። 50 ሳንቲም ሽልንግ ሆነ፣ ዛሬም ብዙ ሰው ሽልንግ ይለዋል። 25 ሳንቲም ስሙኒ ሆነ፤ አፍ ስምንትን ይጠራል፣ እጅ ግን አራተኛውን ይይዛል። ተሙን ከገበያ ጠፍቶ በስም ብቻ ሌላ ሳንቲም ላይ ያረፈ ይመስለኛል።

የስሙኒ ታሪክ አለ፤ እርሱን ሳልነግራችሁ አላልፍም። መጀመሪያ የወጣው 25 ሳንቲም ክብ ነበር፤ ከመዳብ የተሠራ፣ በስፋቱ ከብሩ 50 ሳንቲም ጋር የሚቀራረብ። አታላዮች ብዙ አልቆዩም። መዳቡን በብር ቀለም እየለበጡ ሩቡን አላድ ነው እያሉ አወጡት። መሸት ሲል፣ ሰው ሲቻኮል፣ ዓይን ሲደክም ማን ይለየዋል? መንግሥት ያን ሳንቲም ሰብስቦ ሌላ አስመታ፤ ዳሩ እየገባ እየወጣ እንደ አበባ ቅጠል የተከረከመ።

አያቴ በመጨረሻ ዕድሜዋ ዓይኗ ፈዞ ነበር። ማታ ከገበያ የመጣውን ሳንቲም ቁና ላይ አፍስሼላት እግሯ ሥር እቀመጣለሁ። ፋኖሱን አትፈልገውም። እጇን ታገባና ታወጣለች። የተከረከመውን ዳር አውራ ጣቷ ሲነካው «ስሙኒ»፣ ለስላሳውንና ከባዱን ሲነካ «ሽልንግ»፣ ከዚያ አሥሩን፣ አምስቱን። አንድም ቀን ስትሳሳት አላየሁም። ያን ዳር የቀረጸው ሰው መካነ ሰላምን አያውቃትም፤ ነገር ግን ሥራው ዓይኗ ለፈዘዘ አሮጊት ደርሶላት ነበር። ገንዘብ ጥሩ የሚሆነው እንዲህ ሲሆን ነው።

በየካቲት 1963 ዓ.ም. እንግሊዝ ገንዘቧን በመቶ መመንዘር ጀመረች። እስከዚያ ድረስ አንድ ፓውንድ 20 ሽልንግ፣ ሽልንጉ 12 ፔንስ፣ በጠቅላላው 240 ፔንስ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ተማሪ ነበርኩ፤ ኢትዮጵያ በመቶኛዋ 40 ዓመት ቀድማቸዋለች ብዬ እየኮራሁ ለአያቴ ነገርኳት። ጥቂት ዝም አለችና «ተሙናቸውን የት ጣሉት?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። እርሷ የምታስበው ስለ ኩራት ሳይሆን በሦስተኛው እጥፋት ላይ ስለሚገበያዩ ሴቶች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ባጭሩ ልለፈው። ጥቅምት 1969 ዓ.ም. ደርግ ገንዘቡን ለወጠ፤ የብሩ ሽልንግ ቀርቶ በሌላ ብረት ተተካ። አዲሲቱ አንድ ሳንቲም ከአሉሚንየም ተሠራች፤ በላይዋ በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ አለ። እጅ ላይ ክብደቷ አይታወቅም። የብር መቶኛዋ እጅ፣ የጸሐፊዎች የ50 ዓመት ምኞት፣ የገበሬን መልክ ይዛ ወጣች። ዛሬ ያችን ሳንቲም የሚቀበል ሱቅ አላውቅም። ስሙኒውም ሽልንጉም እንዲሁ ሸሽተዋል፤ የታክሲ ረዳት መልስ ሲሰጥ የሚያወጣው የአንድ ብር ሳንቲም ነው። የመቶ ክፍያው የቀረው ስልክ ላይ ነው። ባንክ በሚልከው መልእክት ከነጥቡ በኋላ ሁለት ቁጥር ተጽፎ ይመጣል፤ የማይዳሰስ፣ የማይደወል ሳንቲም። ሰው ያያታል፣ አይዛትም። ያሳዝነኛል። ሳንቲም ስትጠፋ ዋጋ በብር ብቻ ይዘላል፤ አያቴ ሩብ ቁና በምትሸጥበት ገበያ ዛሬ የሚቀመጡት ሴቶች በሙሉ ብር ይጠጋጋባቸዋል። መጠጋጋቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።

በ77ቱ ድርቅ እናቴ የአያቴን ጠገራዎች ለአንጥረኛ ሸጠች። ቤተሰቡ ያን ክረምት በዚያ ብር ወጣ፤ የተሸጠበትን እህል በልቻለሁ፣ አልወቅሳትም። አንጥረኛው አቅልጦ መስቀልና አምባር አደረጋቸው። አንዲት ጠገራ ግን ከቋጠሮው ውስጥ ተረስታ ቀረች፤ እኔ ዘንድ ናት። አንዳንዴ አወጣትና በጣቴ ጫፍ ላይ አሳርፌ በቁልፍ ቸብ አደርጋታለሁ። ድምፁ ጠርቶ ይቆያል። ዘጠኙ ዕንቁዎች አሉ።

እናንተ የቦረና፣ የሳይንት፣ የወግዲ፣ የከላላ፣ የለጋምቦ ልጆች፣ በየቤታችሁ ሳጥን ውስጥ ቤሳ፣ የምኒልክ ተሙን፣ መቶኛ፣ ክቡ የመጀመሪያው ስሙኒ ሊኖር ይችላል። አንጥረኛ ዘንድ ከመሄዱ በፊት አሳዩት፣ ፎቶውን አንሱት፣ ዓመቱን ጻፉት። አያት ያላችሁም ዛሬ ማታ አጠገቧ ቁጭ በሉና ነጠላዋን አጥፋ እንድትቆጥርላችሁ ጠይቋት፤ አላድ፣ ሩብ፣ ተሙን ስትል ድምፅዋን በስልካችሁ ቅዱት።